ስሙ ሳይጠራ የሚሣል ሕዝብ

አዶልፍ ሂትለር በጀርመን ሥልጣን በያዘበት በ1933 (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዋልት ዲዝኒ ድርጅት «ሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች» የሚባለውን አጭር የካርቱን ፊልም በአሜሪካ ለሕዝብ አቀረበ። በዚህ ፊልም ውስጥ ተኩላው፣ በጡብ ቤት የተከተቱትን አሳማዎች በተንኰል ለማስከፈት ሲል፣ ጢም ለጥፎ፣ ትልቅ አፍንጫ ሰክቶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡትን የአይሁድ ስደተኞች አነጋገር እየቀዳ፣ ዕቃ አዟሪ ነጋዴ መስሎ በር ያንኳኳል። ፊልሙ እጅግ ተወደደ፤ የአካዳሚንም ሽልማት አገኘ። ከጦርነቱና ከስድስት ሚሊዮን አይሁድ እልቂት በኋላ ግን፣ በ1948 ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ፣ ያው ክፍል እንደ ገና ተሥሎ አፍንጫውና ጢሙ ተወገደ፤ ተኩላውም ተራ የብሩሽ ሻጭ ሆኖ ቀረበ።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ማሳቅን ብቻ እንደ ነበረ ለማመን አያስቸግርም። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ «አይሁዳዊ» የሚል ቃል ሳይነገር፣ ተመልካቹ ሁሉ አፍንጫውንና ጢሙን አይቶ፣ አነጋገሩንም ሰምቶ፣ በር ላይ የቆመው ማን እንደ ሆነ ወዲያው ማወቁ፣ ምስሉ ከፊልሙ በፊት በሕዝቡ ልቡና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ እንደ ነበረ ያስረዳል። ስለዚህ በተረትና በምናባዊ ፊልም ውስጥ ስለሚታየው የአይሁድ አምሳል ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ ጸሐፊው አይሁድን ይጠላል ወይስ አይጠላም ብሎ ልቡናን ለመመርመር ከመሞከር ይልቅ፣ ምስሉ ከወዴት ተወረሰ፣ ለልጆችስ ምን ያስተምራል፣ በምስሉ ለተሣለውስ ፍጡር ነፍስና አንደበት ተሰጥቶታልን ብሎ መጠየቅ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ምስሉ ልደት ያለው ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። ሣራ ሊፕተን የተባሉት አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር በ2014 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በክርስትና የመጀመሪያው ሺህ ዓመት የአውሮፓ ሠዓልያን አይሁዳዊውን ከሌላው ሰው የሚለዩበት የተወሰነ ምልክት አልነበራቸውም፤ ከዚያ በኋላ ግን በመጀመሪያ ሹል ባርኔጣና ጢም፣ ቀጥሎም በ13ኛው መቶ ዓመት ቆልማማ አፍንጫና የሚያስጠላ ገጽ እየተሰጠው ሄደ። በ1215 በሮም የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤም አይሁድና ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች የሚለዩበትን ልብስ እንዲለብሱ ቀኖና ሠራ። ከዚያ 18 ዓመት በኋላ በ1233 በተጻፈ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት መዝገብ ራስጌ ላይ፣ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ፣ ባለጠጋውን የኖርዊች አበዳሪ ይስሐቅን ሦስት ፊት ሰጥቶ፣ ዘውድ ደፍቶለትና በአጋንንት መካከል አቁሞ ሥሎታል። መዝገቡ የንጉሥ ግብር የተቆጠረበት ስለ ሆነ፣ ሥዕሉ የተወለደው በተረት ጭን ላይ ሳይሆን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። አይሁዳዊው በብዙ የአውሮፓ አገር መሬት እንዳይይዝ፣ ከእጅ ጥበብ ማኅበራትም እንዳይገባ በተከለከለበት ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያን ለክርስቲያኖች ገንዘብን በወለድ ማበደርን ስላወገዘች፣ ከቀሩለት ጥቂት የኑሮ በሮች አንዱ ማበደር ሆነ። በአበዳሪነት ያገኘውንም ትርፍ ነገሥታቱ በከባድ ግብር እየገፈፉ ይወስዱት ነበርና፣ ባለ ዕዳው ሕዝብ ከፊቱ የሚያየው የአይሁዳዊውን እጅ እንጂ ከጀርባው የቆመውን የቤተ መንግሥት ከረጢት አልነበረም። በዚሁ ላይ፣ በ1144 በኖርዊች ከተማ ዊልያም የተባለ ልጅ ሞቶ በተገኘ ጊዜ አይሁድ ገደሉት የሚል ሐሰት ተነሥቶ፣ በኋላም አይሁድ የክርስቲያን ልጅ ሰርቀው ደሙን ለበዓላቸው ያፈሳሉ ወደሚል አስፈሪ ተረት አድጎ በአውሮፓ ሁሉ ተሠራጨ። ወርቅን የሚያከማች እጅና ሕፃንን የሚሰርቅ እጅ በአንድ አካል ላይ የተሰፉት በዚህ ዓይነት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ምስሉ ያለ ባለቤቱ ሊኖር መቻሉ ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1290 አይሁድን ከእንግሊዝ አስወጣ፤ እስከ 1656ም ድረስ በዚያች አገር ሃይማኖቱን ገልጦ የሚኖር አይሁዳዊ አልነበረም። ሼክስፒር በ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አራጣ አበዳሪውን ሻይሎክን ሲፈጥር ተመልካቾቹ በጎረቤትነት የሚያውቁት አይሁዳዊ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁት ከአያቶቻቸው የወረሱትን ሥዕል ነበር። የሰውየው ሥጋ ከአገር ተሰዶ ሥዕሉ ከቀረ፣ ስሙም ቢጠፋ ሥዕሉ የሚጠፋበት ምክንያት የለም ማለት ነው።

ወደ ተረት ዓለም ሲገባ የሆነውም ይኸው ነው። ወንድማማቾቹ ግሪም በ1815 ባወጡት በሁለተኛው የተረት መጽሐፋቸው «በእሾህ ውስጥ ያለው አይሁዳዊ» የተባለ ታሪክ አለ፤ በዚያ ታሪክ አይሁዳዊው ስሙ በግልጥ ተጠርቶ በእሾህ መካከል እንዲጨፍር ሲገደድ አድማጩ እንዲስቅ ይጋበዛል። ከዚያ በኋላ ስሙ እየጠፋ መልኩ ብቻ ይቀራል። በ1850 በአይሁድ ሙዚቀኞች ላይ የጥላቻ ጽሑፍ ያሳተመው ሪካርድ ቫግነር በ1876 ሙሉውን ባሳየው የኒቤሉንግ ኦፔራ ውስጥ፣ በምድር ውስጥ ወርቅ የሚያከማቹትን ድንኮች አልበሪክንና ሚመን ሲፈጥር አይሁድ ብሎ አልሰየማቸውም፤ ነገር ግን ፈላስፋው ቴዎዶር አዶርኖ፣ ከእርሱም ጋር ብዙ ሐያስያን፣ በእነዚህ ድንኮች አካሄድና አዘማመር ውስጥ ጽሑፉ የተናገረው ያው ጥላቻ ተሥሎ እንደሚገኝ ተናግረዋል። በ1922 የታየው የሙርናው ፊልም «ኖስፌራቱ» ደግሞ፣ ከምሥራቅ በመርከብ የመጣ፣ አፍንጫው የቆለመመ፣ ጥፍሩ የረዘመ ደም መጣጭ ከአይጦች ጋር ወደ አንዲት ጸጥተኛ የጀርመን ከተማ ወረርሽኝ ይዞ ሲገባ ያሳያል። ከተዋንያኑ አንዱ አሌክሳንደር ግራናህ ራሱ አይሁዳዊ ስለ ነበረ፣ ሠሪዎቹን በጥላቻ ለመክሰስ አይቀልም፤ ዳሩ ግን በ1348ና በ1349 የአውሮፓ ሕዝብ ጥቁር ሞት በተባለው ወረርሽኝ ሲያልቅ አይሁድ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው በሺህ እየተቃጠሉ መሞታቸውን የሚያውቅ ሰው፣ የዚህ ፊልም ድንጋጤ ከየትኛው ምንጭ እንደ ተቀዳ ይገባዋል። «ኖስፌራቱ» ከታየ ከ18 ዓመት በኋላ የናዚ መንግሥት «ዘላለማዊው አይሁድ» የተባለውን የጥላቻ ፊልም ባወጣ ጊዜ፣ የአይጦቹን መንጋና የሕዝቡን ፊት አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ምስጢሩን በግልጥ ተናገረው።

በእኛ ዘመን ይህን ክርክር ከሁሉ ይልቅ ያነሣሣው የሃሪ ፖተር ታሪክ ነው። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ1997 ባወጣችው በመጀመሪያው መጽሐፍ የጠንቋዮቹን ዓለም ባንክ ግሪንጎትስን የሚያስተዳድሩት ጎብሊን የሚባሉ፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ጣታቸው የረዘመ፣ ብልጠታቸው የተነገረላቸው ፍጥረታት ናቸው፤ በ2001 የወጣው ፊልም ደግሞ ቆልማማ አፍንጫ ጨመረላቸው። በ2021 ማለቂያ አሜሪካዊው ቀልደኛ ጆን ስቱዋርት፣ እርሱም አይሁዳዊ ነው፣ ስለዚህ ነገር በአንድ ጨዋታ ላይ ተናገረ፤ ንግግሩም በሰፊው ተሠራጭቶ ብዙ ጩኸት ባስነሣ ጊዜ፣ ጸሐፊዋን ጸረ አይሁድ ብሎ እንዳልከሰሳት፣ የገረመው ምስሉ በሲኒማ ቤት ውስጥ የማንንም ዓይን ሳይቆረቁር ማለፉ እንደ ሆነ ገለጠ። በብሪታንያ ጸረ አይሁድነትን የሚቃወም አንድ ማኅበርም በበኩሉ፣ ይህ ዓይነቱ አሣሣል የአንዲት ሴት ክፋት ሳይሆን የምዕራባውያን ሥነ ጽሑፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ያከማቸው ውርስ ነው የሚል መግለጫ አወጣ።

ለሮውሊንግ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት መልስ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ጎብሊን በአውሮፓ ባላገር ተረት ውስጥ ከአይሁድ ጋር ሳይያያዝ የኖረ ፍጡር ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የባላገሩ ተረት ጎብሊን ወተት የሚያበላሽ፣ ሕፃን የሚያስደነግጥ የጓዳ ተንኰለኛ ነበር እንጂ የአገር ባንክ ሹም አልነበረም፤ አፍንጫውና ወርቁ፣ ስስቱና የተለየ ወገንነቱ በአንድ ፍጡር ላይ ሲሰበሰቡ፣ አንዱ ለብቻው የማይናገረውን አራቱ በኅብረት ይናገሩታል። ሁለተኛው መልስ፣ በጎብሊን ውስጥ አይሁዳዊ የሚያይ ሰው ጥላቻው የራሱ ነው የሚል ነው። ይህም ከሩቅ ሲሰሙት ብልህ ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን በግምጃ ቤት መዝገብ፣ በግድግዳ ሥዕልና በጋዜጣ ካርቱን ሰባት መቶ ዓመት የተደጋገመን መልክ አይቶ ማወቅ የንባብ ፍሬ ነው፤ የታመመውን አካል የሚያሳይ ሐኪም በሽታውን አመጣው አይባልም።

ፍርዱን ይልቅ ሚዛናዊ የሚያደርገው መጽሐፉን ከፊልሙ ለይቶ ማየት ነው። በ2007 በወጣው በሰባተኛው መጽሐፍ ጎብሊኖቹ በትረ ጥንቆላ እንዳይዙ በጠንቋዮች ሕግ የተከለከሉ፣ የሠሩት ሠይፍ የገዢው ሳይሆን የሠሪው ንብረት ነው ብለው የሚያምኑ፣ የቆየ በደል የደረሰባቸው ሕዝብ መሆናቸው ይገለጣል። ይህ ክፍል፣ ጸሐፊዋ አስባውም ይሁን ሳታስበው፣ የመካከለኛውን ዘመን አይሁዳዊ ኑሮ በጣም ይመስላል፤ የሌላውን ወርቅ እንዲጠብቅ ተፈቅዶለት ሥልጣን ግን የተነፈገው ማን እንደ ነበረ ከላይ አይተናል። በዚያ መንገድ ብትገፋበት ኖሮ ጎብሊኑ ከሥዕልነት ወደ ሰውነት በተሻገረ ነበር። ግሪፑክ የተባለው ጎብሊን ግን በመጨረሻ ሠይፉን ነጥቆ ጓደኞቹን በአደጋ መካከል ትቶ ሲሸሽ፣ በደሉ ተረስቶ ክዳቱ ብቻ በአንባቢው ልቡና ይቀራል። በ2023 የወጣው የዚሁ ዓለም የኮምፒዩተር ጨዋታ ደግሞ የጎብሊኖችን ዐመፅ ተጫዋቹ የሚዋጋው ጠላት አድርጎ አቀረበ።

የጆርጅ ሉካስ የስታር ዎርስ ፊልም ከዚህ ያነሰ ምርመራ ይበቃዋል። በ1999 በወጣው ክፍል ዋቶ የሚባለው ባለ ክንፍ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ አፍንጫው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ሁሉን በገንዘብ የሚመዝን የባሮች ጌታ ነው፤ ሐያስያን ይህን በጊዜው ሲናገሩ የሉካስ ድርጅት ክሱን አስተባበለ። በ2002 በወጣው ቀጣይ ክፍል ግን ዋቶ በራሱ ላይ ጥቁር ባርኔጣ፣ በአገጩም ላይ ጢም ጨምሮ ተመልሷል።

ሁሉም ጸሐፊ በዚህ መንገድ አልሄደም፤ ለዚህም ከሁሉ የበለጠው አስረጅ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። በ1938 አንድ የጀርመን አሳታሚ «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፉን ለመተርጐም አስቦ ዘሩ አርያዊ መሆን አለመሆኑን በጠየቀው ጊዜ፣ ቶልኪን በቁጣ ባረቀቀው መልስ ከዚያ ታላቅ ስጦታ ካለው የአይሁድ ሕዝብ የተወለዱ አባቶች የሌሉት መሆኑ እንደሚያሳዝነው ጻፈ፤ መጽሐፉም በጀርመንኛ የወጣው ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1957 ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ለጸሐፊዋ ለናኦሚ ሚቺሰን በ1955 በላከው ደብዳቤ፣ በመጽሐፎቹ የፈጠራቸው ድንኮች በሚኖሩበት አገር ተወላጅም መጻተኛም ሆነው፣ የአገሩን ቋንቋ እየተናገሩ የራሳቸውን ልሳን በስውር ስለሚጠብቁ፣ አይሁድን እንደሚያስታውሱት አልሸሸገም። በ1965 ለቢቢሲ በሰጠው ቃለ ምልልስም ይህንኑ ደገመው፤ የድንኮቹን ልሳን እንደ ዕብራይስጡና እንደ ግእዛችን በሦስት ፊደል ግሥ ላይ አቁሞ የሠራው ሆነ ብሎ ነው።

እንግዲህ ምስሉ ራሱ እዚህም አለ፤ ጢም፣ ወርቅ፣ ስደትና ምስጢራዊ ልሳን ሁሉ አልቀሩም። በ1937 በወጣው በ«ሆቢት» የድንኮቹ አለቃ ቶሪን ከዘንዶው የተመለሰውን የአያቶቹን ሀብት ለተራበው የሐይቅ ከተማ ሕዝብ አላካፍልም ሲል የድሮው ሥዕል ሙሉ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ ግን ቶልኪን ለዚህ ሥዕል ነፍስ መስጠቱ ላይ ነው፤ ቶሪን በሞት አልጋው ላይ ስስቱን አውቆ ይጸጸታል፤ ሕዝቡም አገሩን የተነጠቀ፣ ተራራውን በዜማ የሚናፍቅ ስደተኛ እንጂ ገንዘብ ለመዋጥ የተፈጠረ ዘር አይደለም። ከዓመታት በኋላ በወጣው «የቀለበቶች ጌታ» ደግሞ ድንኩ ጊምሊ፣ ንግሥቲቱ ገላድሪኤል የሚሻውን ስጦታ በጠየቀችው ጊዜ፣ ወርቅ ሳይሆን ከጠጉሯ አንዲት ዘለላ ብቻ ይለምናል፤ እርስዋም ወርቅ በእጁ እንደ ውሃ ቢፈስስም በልቡ ላይ እንደማይነግሥ ትመርቀዋለች። ጊምሊ ከጥንት ባላንጣው ወገን ከተወለደው ከሌጎላስ ጋር የመሠረተው ወዳጅነትም የመጽሐፉ ዋና ጌጥ ነው። አንድ ደራሲ በሃያ ዓመት ውስጥ የራሱን ሥዕል ሲያርም የምናየው በዚህ ነው።

ከቶልኪን በፊት ቻርልስ ዲከንስ ይህን በግልጥ አድርጎታል። ከ1837 እስከ 1839 በታተመው «ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ ሕፃናትን ሌብነት የሚያስተምረው ፌጊን «አይሁዳዊው» እየተባለ በየገጹ ሲጠራ፣ ኤሊዛ ዴቪስ የምትባል አይሁዳዊት በ1863 ለዲከንስ ደብዳቤ ጽፋ በሕዝቧ ላይ ታላቅ በደል እንደ ሠራ ነገረችው። ዲከንስ መጀመሪያ ላይ ተከራከረ፤ በኋላ ግን በቀጣዩ ልቦለዱ ራያ የተባለ ደግና ታማኝ አይሁዳዊ አስገባ፤ በ1867 «ኦሊቨር ትዊስት» ሲታተምም ቃሉን ከብዙ ስፍራ አወጣው። የፌጊን መልክ ግን ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መኖሩን ቀጠለ፤ በ1948 ዴቪድ ሊን ፊልም አድርጎ ሲሠራው አሌክ ጊነስን ያንኑ የድሮውን አፍንጫ ስላለበሰው፣ ፊልሙ በበርሊን ሲታይ ከእልቂቱ የተረፉ አይሁድ ለተቃውሞ ወጡ።

ከዚህ በኋላ አይሁድ ራሳቸው ምን ጻፉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማይክል ዋይንግራድ የተባለ ምሁር በ2010 እንደ ጻፈው፣ የምዕራባውያን ምናባዊ ልቦለድ በመካከለኛው ዘመን ናፍቆት ላይ የቆመ ነው፤ አይሁዳዊ ጸሐፊ ግን ፈረሰኛና ግንብ የሞሉበትን ያን ዘመን እንዴት ይናፍቀዋል? ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላ መንገድ ፈለጉ። የስደተኛ አይሁድ ልጆች የሆኑት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር፣ ከሚጠፋ ዓለም ወላጆቹ ወደ ባዕድ ምድር የላኩትን፣ ስሙን ለውጦ የሚኖረውን ሱፐርማንን በ1938 አወጡ። ኤክስ ሜን በተባለው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ማግኔቶ የሚባለው ባላንጣ ከአውሽቪትዝ የተረፈ አይሁዳዊ መሆኑ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተገለጠ መጣ፤ በ2000 የወጣው ፊልምም በ1944 በፖላንድ ከወላጆቹ ሲነጠቅ በማሳየት ይጀምራል። ይህ ሰው ክፉ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ተመልካቹ ያውቀዋል፤ ስሙም አልተሰወረም። ናኦሚ ኖቪክ ደግሞ በ2018 «ስፒኒንግ ሲልቨር» በተባለው ልቦለዷ፣ ብሩን ወደ ወርቅ ትለውጣለች የተባለችውን የአበዳሪ ልጅ ሚርየምን ራሷ እንድትተርክ አድርጋ፣ ብድር ሲመለስ የሚያለቅሰው ባለ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ ያልተመለሰለትም አበዳሪ ቤት ረሃብ እንደሚገባ በአይሁዳዊት አንደበት አሰማችን። ሰባት መቶ ዓመት በሥዕል የታየችው ቤት ከውስጥ ከታየችባቸው ሥራዎች ይህ ምናልባት ከምርጦቹ አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ መታየት የለበትም። በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ የኦሪትን ሕግ ጠብቀው የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተፈረደባቸው ተብሎ ይነገራል። ከመሬት የተነቀለውም ሕዝብ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በግንበኝነት ኑሮውን መሠረተ። ማረሻውንና ማጭዱን ከእርሱ የሚያሠራው ባላገር ግን ያንኑ ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ በዓይኑም ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው እያለ ለልጆቹ ያወራ ነበር። አውሮፓ አይሁዳዊውን ከመሬት ከልክሎ ወደ ብድር እንደ ገፋው፣ ብድሩንም የክፋቱ ማስረጃ እንዳደረገበት፣ የእኛም አገር ሰው ቤተ እስራኤልን ከርስት ነቅሎ ወደ እሳትና ብረት ከገፋው በኋላ እሳቱንና ብረቱን የአስማቱ ምስክር አደረገው። በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ ከዚያ በፊትና በኋላም ሌሎች ብዙ ሄዱ፤ የቡዳው ተረት ግን፣ ከ1290 በኋላ በእንግሊዝ እንደ ሆነው፣ ባለቤቶቹ በሄዱበት አገር ቀርቶ ሌላውን እጀ ብልህ ሁሉ እያሳደደ ይኖራል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ጭራቅን ከተረት ማስወጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም፤ ልጅ ያለ ጭራቅ ድፍረትን አይማርም። ነገር ግን ለጭራቁ ፊት የሚሰጥ ደራሲና ሠዓሊ፣ ያ ፊት ከሕያው ሕዝብ ላይ ተገፍፎ የተወሰደ መሆን አለመሆኑን የመመርመር ግዴታ አለበት፤ አላወቅሁም ማለት ለሮውሊንግ ፊልም ሠሪዎች እንዳልበቃ ለእኛም አይበቃም። ዛሬ በአማርኛ ለልጆች ምናባዊ ታሪክ የሚጽፉ፣ የሚተረጕሙ፣ ፊልምም የሚሠሩ ወገኖቼ እየበረከቱ ነውና፣ ከባሕር ማዶ የሚያመጡትን ጎብሊን ሳይመረምሩ እንዳያስገቡ፣ ከአያቶቻችንም የወረሱትን ቡዳ ቀጥቃጭ ሳይመረምሩ እንዳያወጡ እለምናለሁ። ቀጥቃጩን በታሪካቸው ማስገባት ከፈለጉ፣ ስም ይስጡት፤ ቤትና ልጆች ይስጡት፤ ስለ ራሱም እርሱ ራሱ ይናገር።